ስኳርና ፓፓያ በአንድ ሸለቆ

ከሞጆ ወደ ሻሸመኔ በአሮጌው አስፋልት የሚወርድ መንገደኛ መቂን ካለፈ በኋላ ዓይኑ ፓፓያ ላይ ማረፉ አይቀርም። ባቱ ላይ በየሱቁ ደጅ ተከምሮ፣ አዳሚ ቱሉ ላይ ደግሞ በሳፋና በጋሪ ተደርድሮ ያገኘዋል። ከዚያው ሸለቆ ሳይወጣ ወደ አዳማ ቢመለስና ወደ ወንጂ ቢታጠፍ፣ የሸንኮራ አገዳ ማሳ ከአድማስ እስከ አድማስ ይቀበለዋል። ፍሬውም ስኳሩም አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ በግማሽ ቀን መንገድ ልዩነት ይበቅላሉ።

በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተው አንድ ድስት ውስጥ ገብተዋል። በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በፖርቶ ሪኮ ጥሬ ፓፓያ፣ በኩባ ደግሞ የተላጠ የዘይቱን (የጓቫ) ሥጋ በወፍራም የስኳር ውሃ ይቀቀልና ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል። ቀዝቅዞ ከምሳ በኋላ ይቀርባል። እኛ ዘንድ ይህ ለምን አልሆነም? ነገሩን ብዙ ሰው በቁርጥራጭ ያውቀዋል። ወንጂ ያደገ ስለ ሆላንዶቹ ያወራል፤ የአዲስ አበባ ሰው የመርቲን ማርማላታ ያስታውሳል፤ የሻሸመኔ ሰው ጃማይካ ሰፈርን ያሳያል። ቁርጥራጩን በተራ በተራው ስናስቀምጠው ግን አንድ ታሪክ ይወጣዋል። (ዓመቶቹ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኛው አቆጣጠር ናቸው።)

እ.ኤ.አ. ከ1493 እስከ 1800፦ ሸንኮራ ወደ ምዕራብ፣ ፓፓያ ወደ ምሥራቅ

ሸንኮራ አገዳ የካሪቢያን ተክል አይደለም። መጀመሪያ የለማው በኒው ጊኒ ደሴት ነው፤ ጭማቂውን አፍልቶ ጠጣር ስኳር ማድረግን ያሳደገችው ህንድ ናት፤ ወደ ሜዲትራኒያን ዙሪያ ያስፋፉት ዐረቦች ናቸው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1493 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሻገር ከካናሪ ደሴቶች የሸንኮራ ችግኝ ጭኖ ዛሬ ሄይቲና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚካፈሉት ደሴት ላይ አወረደው። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ መጭመቂያዎች ተተከሉ። የአገሩ ሕዝብ በበሽታና በግዳጅ ሥራ ሲያልቅ ስፔኖች አፍሪካውያንን በባርነት ያመጡ ጀመር። የካሪቢያን ጣፋጭ ሁሉ መነሻው ይህ ነው፤ ማጣፈጫው በሰው ጉልበትና በሰው ሞት የተገኘ ነው።

ፓፓያ የሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አገሩ ደቡብ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ስፔኖች ካዩት በኋላ ፍሬውን ለማስፋፋት የሚያስቸግር ነገር አልገጠማቸውም፤ አንድ ፓፓያ በመቶ የሚቆጠር ፍሬ በሆዱ ይዟል፣ ፍሬው ታጥቦ ከደረቀ ረጅም የመርከብ ጉዞ ይችላል፣ ከተዘራም በዓመት ጊዜ ውስጥ ያፈራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ፊሊፒንስ ተሻገረ፣ ከዚያም ህንድንና የሕንድ ውቅያኖስን ዳርቻ ይዞ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ።

ጣፋጩ የተሠራው በዚህ መሐል ነው። ፍራፍሬን በስኳር ቀቅሎ ማቆየትን ስፔኖች ከዐረቦች የወረሱት ልማድ ነበር፤ በአውሮፓ በኮክና በበለስ ያደርጉት የነበረውን በደሴቶቹ ላይ ምግብ አብሳዮቹ ባሮች በፓፓያና በዘይቱን ሠሩት። ዋናው ነገር ግን ስኳሩ ነው። በየእርሻው መጭመቂያ ነበረ፤ ከመጭመቂያው አጠገብ ጭማቂው በትልቅ ብረት ድስት እየፈላ ይወፍርና በቅርጽ ፈስሶ ቡናማ የስኳር ጡብ ይሆናል። ነጩ ወደ አውሮፓ ይጫናል፤ ቡናማው ርካሹ እዚያው ይቀራል። የደሃው ማጀት ስኳር ያገኘው ከዚህ ነው።

አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ፓፓያው ጠንካራ፣ ልጣጩ አረንጓዴ፣ ሥጋው ገና ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ መሆን አለበት። ሲላጥ ነጭ ወተት መሳይ ፈሳሽ ያንጠባጥባል፤ እጅ ስለሚያሳክክ ቅባት ተቀብቶ ወይም ጓንት አድርጎ መላጥ ነው። ፍሬው ተጠርጎ ሥጋው በጣት ውፍረት ይከተፋል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ለምግብ የሚሆን ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ አንድ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ይህን የዘለለ ሰው ገንፎ ያገኛል፤ በተለይ ኖራው ከፍሬው ሥጋ ጋር ተያይዞ ዳሩን ስለሚያጠነክረው ነው እሳቱን የሚችለው። ደጋግሞ አጥቦ፣ የፓፓያውን ግማሽ የሚመዝን ስኳር፣ አንድ ሁለት እንጨት ቀረፋና ጥቂት ቅርንፉድ ጨምሮ በዝግታ እሳት ላይ መተው ነው። ስኳሩ ከሥጋው ውስጥ ውሃውን ያወጣዋል፣ ቀስ በቀስም በቦታው ይገባበታል፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ቁራጩ ወደ ብርሃን ሲያዝ ያሳልፋል፣ ሽሮፑም ከማንኪያ ላይ እንደ ማር ይንጠለጠላል። ያኔ ደርሷል። ማማሰል ግን ያፈርሰዋል፤ ድስቱን ይዞ ወዝወዝ ማድረግ ይበቃል።

እስከ 1928፦ የማር አገር

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ለስድስት ዓመት ሲቆይ ሸንኮራ አገዳ አይቷል፤ የሚበላው ግን እየታኘከ ነው። ለአራት መቶ ዓመት ያህል ከዚያ ብዙም አልተንቀሳቀሰም። ሸንኮራ በየጓሮው ነበረ፣ ልጅም አዋቂም ይጋጥ ነበር፣ አፍልቶ ስኳር የሚያወጣ ግን አልነበረም።

ይህ የእውቀት ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ማር ነበረና አያስፈልግም ነበር። ግብር በማር ይከፈል ነበር፤ ጠጅ ከማር ይጣላል፣ ለልጅና ለማይጠጣ ሰው ብርዝ ይበረዛል፣ መድኃኒት በማር ይታሻል። ጣፋጭ ነገር ለመጠጥ ነው እንጂ ከምግብ በኋላ ለብቻው የሚቀርብበት ወግ አልነበረንም። እጅ ከታጠበ በኋላ የሚመጣው ቡና ነው፤ ቡናውም በብዙ ገጠር በጨው ነበር የሚጠጣው። የተለየ ልማድ የነበረው በሐረርና በምሥራቁ ሙስሊም ማጀት ነው፤ ሐላዋውና ሙሽበኩ ከቀይ ባሕር ማዶ ጋር በነበረው ንግድ የመጣ ነው።

የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የውጭ ስኳር አብሮ ገባ። አዳማም የባቡር ጣቢያ ሆና የተነሳችው በዚሁ ነው። ስኳሩ ግን ለሻይ ነበር፤ ውድም ነበር። ድስት ሙሉ ፍራፍሬ ለመቀቀል የሚያስደፍር አልነበረም።

ከ1928 እስከ 1933፦ ማርማላታ

ጣሊያኖች በአምስት ዓመት ቆይታቸው ብዙ ነገር አፍርሰው ሲሄዱ ጥቂት የማጀት ነገር ትተዋል። ፓስታው፣ ሳልሳው፣ ማኪያቶው ይታወቃል። ማርማላታም ከነሱ ነው። ዳቦ ላይ የሚቀባ በስኳር የበሰለ ፍራፍሬ ለከተሜው የገባው በዚያ በር ነው። ገብቶም የቁርስ ሆኖ ቀረ፤ ለዚያውም በብልቃጥ የሚገዛ እንጂ ቤት ውስጥ የሚሠራ አልሆነም።

ከ1943 እስከ 1962፦ ነጩ ስኳር

ትልቁ መታጠፊያ ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በጃቫ ደሴት ሰፋፊ የስኳር እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ከሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ የዚያ አገር ነገር አላስተማመነውም፤ ሌላ ሞቃታማ አገር መፈለግ ያዘ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት በበኩሉ የውጭ ምንዛሪ እየከፈለ የሚያስመጣውን ስኳር እዚሁ ማምረት ይሻ ነበር። በ1943 ተዋዋሉ። ቦታው ከአዳማ ደቡብ፣ ከአዋሽ ዳር፣ የጂሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበት ሜዳ ነበር። ጂሌዎች ተነሱ፤ ሜዳው ተቦየ። በመጋቢት 1946 ፋብሪካው በቀን 1,400 ኩንታል ማምረት ጀመረ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ አጠገቡ የሸዋ ፋብሪካ ተጨመረ።

ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ወጣት በብዛት መጣ። አገዳ ይቃጠላል፣ ይቆረጣል፣ በቁራጩ ልክ ይከፈላል። የሠራተኛው ሰፈር በቁጥር የተጠራ ካምፕ ነበር። አንድ ነገር በመሐል ላንሳ፤ የወንጂ ልጆች ጥርስ ቡኒ የሆነው ብዙ ሰው እንደሚያስበው በስኳር አይደለም። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው፤ ለዓመታት የጠጡት ሠራተኞች ከጥርስ አልፎ አጥንታቸው ሁሉ ታሟል፤ ሐኪሞችም ጉዳዩን ሲያጠኑት ኖረዋል።

ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገን ግን ስኳሩ የት ሄደ የሚለው ነው። ሄዷል። በኩንታል ታሽጎ በባቡርና በመኪና ወደ አዲስ አበባና ወደ ክፍለ ሀገር ተጭኗል። ለመንግሥት ስኳር ከዋና የኤክሳይዝ ገቢ ምንጮቹ አንዱ ነበር፤ ስለዚህ በደጃፉ የሚኖረውም ሰው ስኳር የሚያገኘው እንደ ማንም ሱቅ ሄዶ ቀረጥ ከፍሎ ነው። በካሪቢያን እዚያው የቀረው ቡናማው ስኳር እዚህ አልነበረም። ከነጩ ስኳር የተረፈው ጥቁር ሞላሰስ ለከብት መኖና ለአልኮል ተመደበ፤ የአዲስ አበባው ብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ ከደንበኞቹ አንዱ ሆነ። በጓሮው ሸንኮራ ያለው ገበሬ ደግሞ መጭመቂያም የለው፣ የማፍላት ልማድም የለው። ጂሌው መሬቱን ሰጠ፣ ከምባታው ጉልበቱን ሰጠ፤ ለማጀታቸው የተረፈ ነገር ቢኖር በወንጂ ይሠራ የነበረው ደስታ ከረሜላ ነው። እሱም ልጅ ማባበያ ነበር።

በ1952 አካባቢ የቆቃ ግድብ፣ ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ የአዋሽ ውሃ በጋም ክረምትም የሚታዘዝ ሆነ። ከግድቡ በታች ኑራ ኤራ ላይ ብርቱካን፣ በ1962 ደግሞ መተሐራ ላይ ሌላ የስኳር ፋብሪካ ወጣ፤ ያኛው ከረዩዎችን ከግጦሻቸው አፈናቅሏል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው የመልካሳ እርሻ ምርምር ማዕከል ለአትክልትና ፍራፍሬ ትኩረት ሰጠ። ስለዚህ በስልሳዎቹ መግቢያ ላይ ብርቱካኑም፣ ፓፓያውም፣ ስኳሩም፣ ተመራማሪውም በሁለትና ሦስት ሰዓት መንገድ ውስጥ ነበሩ። አብሮ የሚያስቀምጣቸው ማጀት ብቻ ጠፋ።

ከ1947 እስከ 1966፦ ካሪቢያን ራሷ መጣች

ታሪኩን እንግዳ የሚያደርገው ይህ ምዕራፍ ነው። በዓለም ላይ ካሉ ከተሞች ሁሉ የካሪቢያን ሰዎች ቤት ሊሠሩ የመጡት ከአዳሚ ቱሉ በስተደቡብ ሁለት ሰዓት እንኳ ወደማይርቀው ወደ ሻሸመኔ ነው።

ጣሊያን ስትወረን ለኢትዮጵያ ለተሟገቱት በምዕራብ ያሉ ጥቁሮች ውለታ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ከሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። መሬቱ የተሰጠው ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 ኒው ዮርክ ላይ በመሠረቱት በኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በኩል ነው። በ1947 ግድም ከሞንትሰራት ደሴት የተነሱት ሄለንና ጄምስ ፓይፐር መጥተው ሰፈሩ። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ሲወርዱ የተቀበላቸው ሕዝብ ጥበቃውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበ፤ ከዚያ በኋላ ራስ ተፈሪያኑ ከጃማይካ አንድ ሁለት እያሉ መምጣት ጀመሩ።

ይዘው የመጡት ገበታ ከኛ የራቀ አልነበረም። ኢታል የሚሉት አበሳሰላቸው ሥጋን ይሸሻል፣ ከፋብሪካ የወጣን ምግብ አይወድም፣ ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩም፤ ለጦም ለለመደ ጎረቤት የሚከብድ አይደለም። አገራቸው የነበረው ኮኮናትና የዳቦ ፍሬ ዛፍ እዚህ የለም። ሻሸመኔ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ለፓፓያ ትበርዳለች፤ ወደ ባቱና ወደ አዳሚ ቱሉ ሲወርድ ግን ከፍታው ወደ 1,650 ሜትር ይቀንሳል፣ እዚያ ደኅና ይሆናል። ዘይቱን ነበረ፣ ዝንጅብል ነበረ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ከማንኛውም ቅመም ቤት ይገኛል።

ታዲያ ምን ጎደለ? በኔ ግምት ስኳሩ። ከድፍን ቡናማ ስኳር ላደገ፣ ለዚያውም የተጣራን ነገር ለሚጠየፍ ሰው፣ የወንጂ ነጭ ስኳር ልብ የሚሞላ አልነበረም። ቁጥራቸውም ጥቂት ነበር፤ ማጀታቸው የጎረቤቱን ማጀት የሚለውጥ ብዛት አልነበረውም።

ከ1967 እስከ 1983፦ ኩፖን፣ መርቲ እና ኩባ

ጥር 1967 ላይ ኤች ቪ ኤ ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ተወረሰ፤ በየካቲት 25 ደግሞ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ። አዋጁ ጭሰኛውን ነጻ ሲያወጣ የሻሸመኔዎቹንም ሰፋሪዎች አብዛኛውን መሬታቸውን ወሰደባቸው።

ስኳር ከዚህ በኋላ የሚታደል ነገር ሆነ። በቀበሌ ኅብረት ሱቅ፣ በካርድ፣ በቤተሰብ ቁጥር። ያን ዘመን የኖረ ሰው ስኳር ሲባል ወረፋው ነው የሚታወሰው። በራሽን የመጣን ስኳር ለልቅሶና ለሠርግ እንግዳ ሻይ ማስቀመጥ እንጂ፣ ለጥሬ ፓፓያ አንድ ሰዓት ተኩል ማፍላት ማን ያስበዋል? ስኳርን በብዛት የማባከን ነጻነት የነበረው መንግሥት ብቻ ነው።

መንግሥትም አደረገው። የላይኛው አዋሽ እርሻ ልማት የኑራ ኤራን ብርቱካንና የመርቲን ቲማቲም በመርቲው ማቀነባበሪያ በቆርቆሮና በብልቃጥ አሽጎ አወጣ። በዘመኑ የቲማቲሙ ድልህ «መርቲ» በሚል ስም ብቻ ይገዛ ነበር፤ የብርቱካኑ ማርማላታ ደግሞ ከሆቴል ቁርስ አይጠፋም ነበር። ይህ በስምጥ ሸለቆው ፍሬና ስኳር በመጠን የተገናኙበት የመጀመሪያው ቦታ ነው። ልዩነቱ ይታያል፤ ካሪቢያን ላይ ጣፋጩ ከማጀት ወጥቶ ኋላ ወደ ፋብሪካ ገባ። እኛ ጋር ከፋብሪካ ወጣ፣ ወደ ማጀት ሳይገባ ቆርቆሮው ላይ ቀረ።

በዚሁ ዘመን ሌላ የካሪቢያን በር ተከፈተ። በሶማሊያው ጦርነት ኩባውያን ወታደሮች ከኢትዮጵያውያን ጎን ተሰልፈው በየካቲት 1970 ካራማራ ላይ ድል ሆነ። ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸው ልጆች ከ1971 አካባቢ ጀምሮ በመርከብ ወደ ኩባ ተላኩ። የደረሱት ከዋናው ደሴት በስተደቡብ ወዳለችው የወጣቶች ደሴት ነው፤ ከትምህርት ቤቶቻቸው አንዱ ካራማራ ይባል ነበር። ግማሹን ቀን መማር፣ ግማሹን የግሬፕ ፍሩት እርሻ ውስጥ መሥራት ነበር ሥርዓቱ። አንዳንዶቹ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ቆይተው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነው ተመለሱ፤ ስፓኒሽ ከአማርኛ ቀድሞ የሚመጣላቸውም ነበሩ። በሽሮፕ የተቀቀለ ዘይቱን ከአይብ ጋር መብላት ለኩባ ሰው የዕለት ነገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ያደጉት በዚያ ገበታ ዙሪያ ነው። የተመለሱት ግን አገሩ በጦርነትና በወረፋ ሲጨነቅ ነበር።

ከ1983 እስከ 2005፦ ጭማቂ ቤት

መንግሥት ሲለወጥ ገበያው ተለቀቀ፣ ኤሌክትሪክ መፍጫውም ረከሰ። በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በሀዋሳ ጭማቂ ቤት በየመንገዱ ተከፈተ። ፓፓያ ዕድሉ ተቃና። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሰው ፓፓያን የሚያውቀው እንደ መድኃኒት ነበር፤ ሥጋው ለሆድ ይስማማል፣ ፍሬው ተወቅጦ በማር ሲወሰድ አሜባና ወስፋት ያወጣል ይባላል፣ ጥሬው ደግሞ ነፍሰ ጡር እንዳትነካው ይከለከላል። ጭማቂ ቤቱ የምኞት ምግብ አደረገው። ስፕሪስ ሲታዘዝ አቮካዶው፣ ማንጎውና ፓፓያው ሳይቀላቀሉ በብርጭቆ ላይ በላይ ይደረደራሉ፤ ሎሚ ይጨመቅበታል፤ በመጨረሻ አናቱ ላይ ቀይ ቪምቶ ይፈስበታል።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሐሩር ፍራፍሬ፣ በላዩ ጣፋጭ ሽሮፕ፣ በማንኪያ የሚበላ። ስሙ ጭማቂ ይሁን እንጂ ከካሪቢያኑ ጣፋጭ ጋር ዘመድ ነው፤ ፍሩት ፓንች በሚባለው ደግሞ ፍሬው ሳይፈጭ ተከትፎ ስለሚገባ ዝምድናው ይበልጥ ይቀርባል። ከስኳር አገር ፓፓያ ላይ የሚፈሰው ሽሮፕ ግን የባሕር ማዶ ስም ያለው ጠርሙስ ነው።

ገበያው የባቱንና የመቂን ገበሬ ወደ ፓፓያ ሳበው። ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ በሞተር ፓምፕ ውሃ እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያመርተው ገበሬ ማሳው ላይ ፓፓያ ጨመረ፤ በ1994 የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን ተቋቋመ። ፓፓያ ግን ገበሬን የሚፈታተን ተክል ነው። ወንድ፣ ሴትና ሁለቱንም ጾታ የያዘ ዛፍ አለው፤ ችግኙ እስኪያብብ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ችግኝ ይተከላል፣ ሲያብብ ወንዱ ይነቀላል። ከበሰለም በኋላ ዕድሜው የቀናት ነው። ገዢ የዘገየበት ወይም መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ማለት የሚበሰብስ ክምር ማለት ነው። በስኳር ውሃ የሚቀቀለው ሳይበስል የተቆረጠው መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

ከ2005 ወዲህ፦ የአግሮ ኢንዱስትሪ ዘመን

የወንጂና የሸዋ አሮጌ ፋብሪካዎች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሠርተው ተዘጉ፤ በ2005 አካባቢ ዶዶታ ላይ አዲሱ ፋብሪካ ተተካ። የላይኛው አዋሽ እርሻ በሚድሮክ ሥር ወዳለው ሆራይዘን ተላለፈ። ብርቱካኑ ግን በበሽታ ተመታ፤ የብርቱካን ዋጋ ሰማይ የነካውና ከብዙ ቤት የጠፋው ያለ ምክንያት አይደለም። በጢቢላ ለውጭ ገበያ ጭማቂ ለማምረት ከሆላንድ የመጣው አፍሪካ ጁስ ደግሞ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ እልቂት በኋላ በ2009 መስከረም መጨረሻ በተነሳው ቁጣ ጥቃት ደረሰበት። መሬት ያጣ ሰው ቁጣ መጀመሪያ የሚያርፈው በአጠገቡ ያለ እርሻ ላይ ነው፤ ከጂሌና ከከረዩ ጊዜ ጀምሮ የተከማቸ ሒሳብ ነበር።

ስኳር እንደገና ወረፋ ገባ። በኩፖን ባይሆንም በሸማቾች ማኅበር በኩል የሚታደልበት፣ በሱቅ ደግሞ እጥፍ ዋጋ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ሦስት ትውልድ ስኳር ያመረተችው አገር ዛሬም ስኳር ከውጭ ትገዛለች።

በ2013 በአዳሚ ቱሉ ጂዶ ኮምቦልቻ ወረዳ የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። እስከዚያ አዳሚ ቱሉ በውጭ ሰው ዘንድ የምትታወቀው በፀረ ተባይ ማዘጋጃ ፋብሪካዋና በእርሻ ምርምር ማዕከሏ ነበር። አሁን ፍራፍሬን ማቀነባበር ለሚሻ ሁሉ መብራት፣ ውሃና መጋዘን የተዘረጋለት ቦታ በደጇ አለ። ባለሀብት እስኪሞላው ድረስ ግን የፓፓያው ገበሬ የሚጠብቀው ያንኑ የአዲስ አበባ አይሱዙ ነው።

የኔ ፍርድ ይኸው ነው። ሰባ ዓመት ያህል ፍሬውና ስኳሩ ጎረቤት ሆነው ሳይገናኙ የቀሩት ምላሳችን ጣፋጭ ስለማይወድ አይደለም፤ ስፕሪስ ላይ ቪምቶ የሚያፈስ ሕዝብ ጣፋጭ አይጠላም። ስኳሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የግምጃ ቤት ዕቃ ስለነበረ ነው፤ ከአገዳው አጠገብ ለሚኖር ማጀት አንድም ዘመን አልቀረለትም። ህንድና ኮሎምቢያ ዛሬም በሚሊዮን የሚቆጠር ኩንታል ቡናማ ስኳር በገበሬ ደረጃ በትንሽ መጭመቂያ ያመርታሉ፤ መጭመቂያው ከጋሪ የማይበልጥ ማሽን ነው። የመልካሳና የአዳሚ ቱሉ ተመራማሪዎች ለአዲስ የፓፓያ ዝርያ ከሚደክሙት ድካም ጥቂቱን ለዚህ መጭመቂያ ቢሰጡ፣ ዩኒየኑም ነፋስ የጣለውን ጥሬ ፓፓያ የሚቀቅል አንድ የሴቶች ማኅበር ቢያደራጅ፣ ቡልቡላ ላይ ሼድ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

በዚያ መንገድ የምታልፉ አንባቢዎች ደግሞ አዳሚ ቱሉ ላይ ስትቆሙ አንድ ጥሬ ፓፓያ ጠይቁ። ሻጯ «አልበሰለም እኮ» ትላችኋለች፤ እንደምታውቁ ነግራችሁ ግዙ። ለአንድ መካከለኛ ፓፓያ ግማሽ ኪሎ ስኳር ይበቃል።